ያልተቆረጠችው ፎቶ

ከባሕር ዳር

ጠዋት ከባሕር ዳር መናኸሪያ በሚኒባስ ተነሣሁ። ሥራዬ አሮጌ ፎቶዎችን ማሰባሰብ ነው፤ የተቀደደውን እጠግናለሁ፣ የደበዘዘውን አጠራለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ የአንድ ሟች ፎቶ አንሺ ባለቤት ሁለት ሣጥን ፎቶ እንዳስቀመጡ ሰምቼ፣ ሳይበላሽ ልድረስበት ብዬ ነው።

ወረታ ላይ ጥብስ በቆሎ ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው። የፎገራ የሩዝ ማሳ ከኋላችን ራቀ፤ ብርዱ ሲበረታ ሾፌሩ መስኮቱን ዘጋ።

ደብረ ታቦር

ባጃጅ እስከ ፎቶ አንሺው ባለቤት እስከ እትዬ ዘነቡ በር አደረሰኝ።

“ሳትበላ ፎቶ አይታይም” ብለው የድንች ወጥ በገብስ እንጀራ አቀረቡልኝ።

የመጀመሪያው ሣጥን ሠርግና ክርስትና ነበር፤ ደህና ተቀምጧል። ከሁለተኛው ያነሣሁት ፎቶ ላይ አምስት ተማሪዎች ቆመዋል፤ ሁለቱ ፊት የላቸውም። በፊታቸው ቦታ ክብ ቀዳዳ ብቻ። ቀጣዩም እንዲሁ፣ ሌላውም እንዲሁ።

“አይጥ ነው የበላው?” አልኋቸው።

“አይጥ እንዲህ አክብቦ ይበላል? እኔ ነኝ፣ በመቀስ።”

በደርግ ጊዜ ካድሬዎች የሚፈልጓቸውን ተማሪዎች ፎቶ አውጣ ብለው ባላቸውን አስረውት ነበር።

“እሱ ታስሮ ሳለ የልጆቹን ፊት እየቆረጥሁ ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። መልካቸውን ካላወቀ ማን ይይዛቸዋል ብዬ ነው።”

መፈለጌን ቀጠልሁ። ከሣጥኑ ሥር አንድ ሙሉ ፎቶ አገኘሁ፤ ሹሩባ የተሠራች ልጅ ደብተር አቅፋ ፈገግ ብላለች።

“ይቺ እንኳ ተርፋለች” አልሁ ደስ ብሎኝ።

እትዬ ዘነቡ ፎቶውን ከእጄ ተቀበሉኝ። “በላይነሽ ናት። እሷ አልተረፈችም። ይህን ፎቶ ከመቁረጤ በፊት ካድሬዎቹ ወስደውት ነበር። እሱን እያሳዩ ሲጠይቁ ገበያ መካከል አገኟት። ፎቶውን በኋላ አምጥተው ጠረጴዛችን ላይ ጣሉት፤ እሷ ግን እንደ ወጣች ቀረች።”

ደስ ያሰኘኝ ፎቶ አሁን ዓይኔን የማሳርፍበት አልሆነም።

“ታናሽ ወንድሟ ከጉና ሥር ቄስ ነው” አሉኝ። “በምን ዓይኔ ልየው እያልሁ ይኸው ፎቶውን አስቀረሁት። አንተ አድርስልኝ።”

ጉና

በማግስቱ ጋሳይ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በገብስ ማሳ መካከል በእግሬ ሄድሁ። ጉና ጉም ለብሷል። ወንድሟን ቄስ አዳነን ከቅዳሴ ሲመለሱ አገኘኋቸው፤ ማን እንደ ላከኝ ነግሬ ፎቶውን ሰጠኋቸው።

በሁለት እጃቸው ተቀብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ረዥም ጊዜ አዩት።

“ስትወሰድ ገና የምድህ ሕፃን ነበርሁ” አሉ። “መልኳን አላውቀውም። እናታችን እስክትሞት ድረስ እኔን በላይነሽ እያለች ትጠራኝ ነበር። እርጅና ነው እል ነበር።”

ፎቶውን አየሁ፤ እሳቸውን አየሁ። ያው ዓይን፣ ያው ግንባር ነው።

ተመልሼ ባሕር ዳር

ከእትዬ ዘነቡ ቤት በስካነር ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ከፈትሁ። ቀዳዳውን ሁሉ መድፈን ልማዴ ነበር፤ እነዚህን አልነካኋቸውም፤ በማን እጅና ለምን እንደ ተቆረጡ ብቻ ከሥራቸው ጻፍሁ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ምንም ያልነካው አሮጌ ፎቶ ሲመጣልኝ ቶሎ ደስ አይለኝም። በመጀመሪያ ፎቶው ላይ ያለው ሰው የት እንደ ደረሰ እጠይቃለሁ።