በጭስ የታጠነው ላፕቶፕ

ጎልቦ፣ ጠዋት

ከቤት የወጣሁት የማይነሳ ላፕቶፕ ታቅፌ፣ ሚስቴን ታላሶን ሳልሰናበት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቁም ነገር ቢኖር አማቴ፣ የታላሶ እናት፣ ሳይሞቱ የነገሩኝ ብቻ ነው። የትኛውን የውሃ ጉድጓድ ማን ቆፈረው፣ በድርቁ ጊዜ ግመሎቹ በየት ዞሩ፣ እሳቸው ሲያወሩ እኔ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ተየብኩት። ሌላ ቦታ አልገለበጥኩትም፤ መገልበጥ እንደሚቻልም የነገረኝ የለም። አሁን ቁልፉን ስጫነው ትንሿ መብራት ትበራለች፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ማን ነካው ብዬ ስጮህ ታላሶ ዝም አለች። እኔም ጥያት ወጣሁ።

ፍየል በጫነ ፒካፕ ከኋላ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ሰው ባየ ቁጥር ይቆማል። በቆመ ቁጥር እኔ ቁልፉን እጫናለሁ። አጠገቤ ያለችው የፍየል ነጋዴ፣ «ሰውዬ፣ ተወው እንጂ ይረፍ» አለችኝ። አርፎ ነው ያስቸገረኝ አልኳት።

ሞያሌ፣ ማንያታ

ስቴጅ፣ መኪና መቆሚያው ላይ፣ እንደወረድን ቻፓቲዬን ቆሜ ጎረስኩ፤ ሻዩ ስላቃጠለኝ ትቼው ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ያዝኩ። የሞተሩ ልጅ በአቧራ ውስጥ ማንያታ ሰፈር፣ ስልክና ኮምፒውተር በሚጠግነው በጉዮ የቆርቆሮ ሱቅ በር ላይ ጣለኝ።

ጉዮ ገና ላፕቶፑን ሳያየው፣ ሽማግሌ በሚጠሩበት ስም ጠርቶኝ፣ «ምዜ፣ ፎርማት አድርጌ እሰጥሃለሁ» አለ። ምንድን ነው እሱ አልኩ። ያለውን ሁሉ ጠርጎ አዲስ ማድረግ ነው አለኝ። አንድ ቃል ብትጠርግ ከዚህ ሱቅ አልወጣም አልኩት። እያጉረመረመ ብሎኑን ፈታ። የጀርባውን ክዳን ሲያነሳ ግን እጁን ገታ፤ አፍንጫውን አስጠጋ።

«ይሄ የእናቴን የወተት ዕቃ ነው የሚሸተው» አለ። «ማን አጠነው?»

በእኛ አገር ወተት እንዳይበላሽ፣ ነፍሳትም እንዳይደርሱበት፣ ዕቃው በሚጨስ እንጨት ይታጠናል። ያለ ሚስቴ ይህን የሚያደርግ የለም። ደወልኩ፣ ገና ሳልጮህ፣

«ጉንዳን ገብቶበት ነበር» አለች። «የእናቴ ቃል ያለበትን ዕቃ ሳላጥን ልተወው?»

«ጠዋት ምነው ዝም አልሽ?»

«ስትጮህ ነበራ።»

የጭሱ ሙጫ የሞቱ ጉንዳኖችን ይዞ ደርቋል። ጉዮ በብሩሽ ጠረገው፤ ሚሞሪ የሚሏትን ቀጭን ሰሌዳ አውጥቶ የመዳብ ጥርሶቿን በእርሳስ ላጲስ ፈተገ። እኔ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። «ምዜ፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጣ፤ ብርሃኔን ከለከልከኝ» አለኝ። መልሶ ሰካት፣ ቁልፉን ተጫነ፤ ጥቁር። እንደገና አውጥቶ ፈተገ። በሁለተኛው ስክሪኑ በራ። የአማቴ ወሬ እንዳለ አለ። ጉዮ በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝና፣ «ይሄኛውን እንዳታጥኑት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጎልቦ፣ ምሽት

ስደርስ ታላሶ ግመል እያለበች ነበር። ይቅርታ የሚባለው ነገር አይሆንልኝም፤ ላፕቶፑን ከፍቼ አነበብኩላት። ያነበብኩላት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጥቂት እንደሄድኩ አስቆመችኝ።

«ያን ጉድጓድ የቆፈረው የእናቴ አጎት ነው እንጂ አባቷ አይደለም። ስትነግርህ ደክሟት ነበር።»

«ታዲያ ስጽፍ አጠገቤ ነበርሽ፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጠፋ ብዬ ሞያሌ ድረስ ያሯሯጠኝ ነገር ገሚሱ እቤቴ ተቀምጦ ግመል ያልባል። አባት የሚለውን አጠፋሁ፤ አጎት ብዬ እስክተይብ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለግኩ፣ ወተቱን ይዛ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ቀጥይ» አልኳት።