ሦስት የስኪ ተራሮች ከጋሼ ጋር

ወንድሜ ጋሼ ስኪ መሄድ እንደሚፈልጉ የነገሩኝ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ቨርጂንያ ውስጥ አሌክሳንድርያ ወደሚገኘው አፓርታማቸው ልንወጣ ኤሌቬተር እየጠበቅን ነበር። በሩ ሲከፈት መግባት አልቻሉም። እግራቸው ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ፓርኪንሰን ከያዛቸው አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ መጀመሪያ እጃቸው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። ያን ሰሞን ግን እግራቸው መታሰር ጀምሮ ነበር። በር ላይ፣ መታጠፊያ ላይ፣ ጠበብ ያለ ቦታ ላይ ሲደርሱ ከወገብ በላይ ያለው ሰውነታቸው ሊሄድ ያዘነብላል፣ እግራቸው ግን አይከተልም። እንደ ልማዳችን "አንድ፣ ሁለት" እያልኩ ቆጠርኩላቸው። በሩ ሁለት ጊዜ ተዘግቶ ተከፈተ። በሦስተኛው ገባን።

ፊታቸውን ወደ ቁልፎቹ እንዳዞሩ፣ "ስኪ መሄድ እፈልጋለሁ" አሉኝ።

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም።

"በረዶ ላይ" አሉ። "ስኪ ላይ እኮ እግር አይነሳም። ይንሸራተታል እንጂ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊዚካል ቴራፒ የሚሄዱበት ቦታ እንደሳቸው የታመመ አንድ ሰውዬ አለ። ከወንበር ተነስቶ በር ድረስ መራመድ አይችልም፤ ብስክሌት ላይ ሲያወጡት ግን እንደ ጤነኛ ሰው ይነዳል። ቴራፒስቷ አንዳንድ በሽተኛ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚታይ ነግራቸዋለች። ጋሼ ይህን ይዘው ሳምንቱን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከረሙ። ብስክሌት በልጅነታቸው አልነዱም። ስኪ ግን ያውቃሉ።

ጋሼ የእናቴ የመጀመሪያ ልጅ ናቸው፣ እኔ የመጨረሻዋ። በመካከላችን አሥራ አራት ዓመት አለ። አባታችን የሞተው እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው። በደርግ ጊዜ ጋሼን መንግሥት ለትምህርት ቡልጋሪያ ላካቸው፤ የእርሻ መሣሪያ ምህንድስና ተምረው ተመለሱና በደመወዛቸው አሳደጉኝ። በሕይወቴ አንቱ እንጂ አንተ ብያቸው አላውቅም ነበር። የሚማሩባት ሶፊያ ከተማ ጫፍ ላይ ተራራ ስላለ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹ አውቶቡስ ይዘው ይወጡ ነበር፤ አንድ የዶርም ጓደኛቸው ስኪውን ያውሳቸዋል። በሁለተኛው ክረምት ከጫፉ እስከ ታች ሳይቆሙ መውረድ ችለዋል። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ሃያ ዓመት ታክሲ ነዱ፤ ከዚያ አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና ሲያቆሙ ቆዩ። ስኪ አንድ ቀን እንኳ አልሄዱም። ጊዜ አልነበራቸውም፤ እኔንም ለማምጣት ሁለት ሥራ ይሠሩ ነበር።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያንና የሕመምተኞች መንከባከቢያ ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝ። የቀን ሥራዬ እንደሳቸው ያሉ ሰዎችን ማንሳትና ማስቀመጥ፣ ማጠብና ማልበስ ነው። ስለዚህ ያሰቡት ነገር የት እንደሚያደርሳቸው ከማንም ይልቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ግን ከታመሙ ወዲህ አንድ ነገር ፈለግሁ ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እሺ አልኩ።

ማክሰኞና ረቡዕ ከሥራ ኦፍ ወሰድኩ። ፌብሩዋሪ ነበር። ያ ክረምት ሞቃት ስለነበረ ጋሼ አንዱ ባይሆን ሌላው ብለው ሦስት ቦታ መርጠው ነበር፤ አንዱ ፔንሲልቬንያ፣ ሁለተኛው የሜሪላንድ ምዕራብ ጫፍ፣ ሦስተኛው ዌስት ቨርጂንያ። ጠዋት አፓርታማቸው ስደርስ ለብሰው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጃኬቱ አዲስ ነው። የሸሚዛቸውን ቁልፍ አሳስተው ነበር፤ ሳልናገር አስተካከልኩላቸው።

ፍሬድሪክ ከተማን ካለፍን በኋላ ዝናብ ጀመረ። ጋሼ መስታወቱን እያዩ፣ "ከፍ ስንል በረዶ ይሆናል" አሉ። ከፍ አልን፣ ዝናቡ ግን ዝናብ ሆኖ ቀጠለ። የመጀመሪያው ተራራ ጋ ስንደርስ ፓርኪንጉ ውስጥ አምስት መኪና ቆሟል። ተራራው ቡናማ ሣር ነው፤ መሐሉ ላይ ብቻ ማሽን የተፋው በረዶ እንደ ቆሸሸ ነጠላ ተዘርግቷል፣ ከሥሩም ጭቃ ውኃ ይወርዳል። ሰው የሚያወጡት ወንበሮች ሽቦው ላይ ተንጠልጥለው ቆመዋል። የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሠራተኛ ወደ መኪናችን መጥቶ፣ ብርድ እስኪመለስ እንደዘጉ ነገረን።

"መቼ ይመለሳል?" አሉት ጋሼ።

ሰውዬው ሰማዩን አየና ትከሻውን ነቀነቀ።

መኪናው ውስጥ ሆነን ያዘጋጀሁትን ዳቦና ድንች በላን፤ ጾም ነበር። መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው። በየአራት ሰዓቱ ነው የሚወስዱት፤ ከወሰዱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰውነታቸው ይፈታል፤ ሦስተኛው ሰዓት ሲያልቅ መልሶ ይይዛቸዋል። መካከል ላይ ያለችውን ጊዜ "ደህናዋ ሰዓት" እንላታለን። የዚያን ቀኗን ደህና ሰዓት መንገድ ላይ ጨረስናት። ወደ ምዕራብ ስንነዳ ጋሼ ስለ ስኪ ያወሩኝ ነበር። ጉልበት አጠፍ፣ ክብደት ወደ ፊት፤ ወደ ቀኝ መዞር ስትፈልጊ ግራ እግርሽን ትጫኛለሽ፤ ወደ ግራ ሲሆን ቀኙን። ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው እግር የሚያስረዱ ይመስሉ ነበር። ማምሻውን አንድ ሞቴል አደርን።

በማግስቱ ብርድ ወረደ። ሁለተኛው ተራራ ክፍት ነበር፤ ግማሹ ብቻ፣ ግን ክፍት። ጋሼ ከመኪናው ሲወርዱ በራሳቸው ወረዱ። ደህናዋ ሰዓት ተራራው ላይ እንድትሆን አስልተን መድኃኒቱን አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ወስደው ነበርና ደስ አለኝ። ውስጥ ገብተን ግን ስኪና ጫማ የሚከራይበት ሰልፍ እስከ በሩ ድረስ ነው። ተሰለፍን። አንድ ሰዓት ሄደ። ተራችን ሲደርስ፣ ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊው ራሴ ነኝ የሚል ወረቀት ፈርሙ ተባለ። ጋሼ እስክሪብቶውን ያዙ። ፊርማቸው ድሮ ሰፊ ነበር፤ አሁን እየተጻፈ ያንሳል፣ መጨረሻው ከጉንዳን እግር አይበልጥም። የምታከራየው ልጅ ወረቀቱን አየች፣ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"እርግጠኛ ናችሁ?" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ጋሼ፣ "የምሄደው እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቂኝ" አሏት። ድምፃቸው ደክሞ ስለነበር አልሰማችም።

የስኪ ጫማ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። እግራቸው ጫማው ውስጥ ሊታጠፍ አልቻለም። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ስገፋ፣ ሳወጣ፣ እንደገና ስገፋ ሠላሳ ደቂቃ ፈጀብን። ሁለታችንም አልበን ነበር። ጋሼ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያሉ። እኔም አያለሁ። 

ውጭ፣ ጀማሪዎች የሚለማመዱበት ዝቅ ያለ ቁልቁለት አለ። ሰው የላስቲክ ምንጣፍ ላይ ይቆማል፣ ምንጣፉ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወስደዋል። ጋሼ ስኪውን አጥልቀው ቆሙ፣ እኔ በጎን በጫማዬ በረዶውን እየረገጥኩ ተከተልኳቸው። ጫፉ ላይ ደረስን። አየሩ ንጹሕ ነበር። ጋሼ በሁለቱ ዘንጎች ተደግፈው ለጥቂት ጊዜ ቆሙ፤ ታሰሩ ብዬ መቁጠር ልጀምር ስል ዘንጎቹን ገፉ።

ሄዱ። ጀርባቸው ተቃና፣ ጉልበታቸው ታጠፈ፣ እጃቸው መንቀጥቀጡን ተወ። አሥራ አምስት ሜትር ያህል ወንድሜ ጤነኛ ሰው ሆነው ከፊቴ ሲወርዱ አየሁ። ሮጬ ልከተላቸው ሞከርኩ፤ እየሳቅሁ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

ከዚያ መዞር ነበረባቸው። ቁልቁለቱ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ በግራ በኩል ብርቱካንማ መረብ ተወጥሯል። ጋሼ አልዞሩም። ምንም የተለወጠ ነገር ሳይኖር፣ ጉልበታቸው እንደታጠፈ፣ በቀጥታ ወደ መረቡ ገቡና በጎናቸው ወደቁ።

ስደርስ ዓይናቸው ተከፍቷል፣ አንዱ ስኪ ከእግራቸው ወልቋል። ላነሳቸው ሞከርኩ። በሥራዬ በቀን አሥር ጊዜ ሰው አነሳለሁ፤ እሳቸውን ማንሳት አቃተኝ። ሰውነታቸው እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ደህናዋ ሰዓት አልቃለች።

"ተነስ" አልኳቸው። "ተነስ እንጂ። እግርህን ሰብስብ።"

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ጋሼ ግን ሰምተው ቀና ብለው አዩኝ፤ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ በወደድኩ።

የተራራው ነፍስ አድን ሠራተኞች መጡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ጎልማሳ። ጋሼ፣ "ደህና ነኝ፤ ትንሽ ቆይቼ እነሳለሁ" አሉ፤ በአማርኛ ነበር ያሉት። ሴትየዋ ለኔ፣ "ብዙ ጊዜ ይወድቃል? መድኃኒት ይወስዳል?" አለችኝ። ከራሳቸው በላይ ቆመን ስለሳቸው ተነጋገርን። እኔም ሥራ ቦታ እንደዚያ ነው የማደርገው። ብርድ ልብስ ጠቅልለው ተንሸራታች አልጋ ላይ አጋደሟቸውና ደረታቸው ላይ ቀበቶ አሰሩ። ጎልማሳው ከፊት ሆኖ እየጎተተ ቀሪውን ቁልቁለት ወሰዳቸው። እኔ ስኪያቸውን ተሸክሜ ከኋላ ወረድኩ። ሰው ሁሉ ገለል እያለ መንገድ ይለቅ ነበር።

የተሰበረ ነገር አልነበረም፤ የእጅ አንጓቸው ብቻ አብጧል። በፋሻ ጠቀለሉላቸው። መኪናው ውስጥ ገብተን መድኃኒት ከሰጠኋቸው በኋላ፣ "በቃ ወደ ቤት እንሂድ፣ ጋሼ" አልኩ።

"ሦስተኛው ቀርቷል" አሉ።

"እዚያ ምን ልናደርግ?"

"ከቤት ወጥተናል እኮ። እንየው።"

ልከራከር አቅም አልነበረኝም። ወደ ዌስት ቨርጂንያ ነዳሁ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ስንደርስ እውነተኛ በረዶ አገኘን፤ ከሰማይ የወረደ፣ ጥዶቹን ያጎነበሰ። ተራራው ትልቅ ነው፤ ከጫፉ የሚወርዱት ሰዎች እንደ ነጥብ ይታያሉ፣ እያደጉ ይመጣሉ። ሦስቱን ሲመርጡ የፈለጉት እንዲህ ያለ ቦታ ነበር። ፓርኪንጉ ውስጥ ፊታችንን ወደ ተራራው አድርጌ አቆምኩ። ማሞቂያውን አላጠፋሁም።

"ወርደን በቅርብ እንየው?"

"ከዚህም ይታያል።"

 ከዚያ ጋሼ ዓይናቸውን ከተራራው ሳያነሱ፣ "ቅድም ስወርድ ሰማሽኝ?" አሉ።

"ምን ሲሉ?"

"ግራ እግሬን፣ ተጫን አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሦስት ጊዜ።" ፋሻውን በሌላው እጃቸው ነካ ነካ አደረጉ። "በር ላይ ሲይዘኝ፣ በሩ ነው እል ነበር። ቦታው ጠቦኝ ነው፣ ወለሉ ነው እያልኩ። ዛሬ በር አልነበረም። ሜዳ ነው። ምንም የያዘኝ ነገር አልነበረም።"

 ቴራፒስቷ እንዲህ ብላለች፣ ዶክተሩ መድኃኒቱን ሊቀይረው ይችላል ማለት ይቻል ነበር። ሥራ ቦታ ለቤተሰቦች የምለው እሱን ነው። ለሳቸው ማለት አልቻልኩም።

"ሥራ ቦታሽ ክፍት አልጋ አለ?" አሉኝ።

በሽታው የታወቀ ጊዜ፣ ምንም ቢመጣ እዚያ እንዳላስገባቸው አስምለውኝ ነበር። ያን ጊዜ ሁለታችንም አልቅሰናል። አሁን ግን ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቁኝ። "አይሆንም፣ እኔ ጋ ይምጡ" ማለት ነበረብኝ። የምኖረው ቤዝመንት ነው፤ አሥራ አንድ ደረጃ ይወረዳል፤ በሳምንት አራት ቀን ድርብ ሺፍት እሠራለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ቢያንስ አንድ ጊዜ መለመን፣ እሳቸውም እምቢ ማለት ነበረባቸው፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እኔ ግን፣ "እጠይቃለሁ" አልኩ።

"ጠይቂ" አሉ።

ወደ አሌክሳንድርያ ተመለስን። ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ላይ መኪናው ተጨናንቆ አንድ ሰዓት ቆምን። ጋሼ እንቅልፍ ወስዷቸው፣ አገጫቸው አዲሱ ጃኬት ላይ ወድቆ ነበር።

ኤፕሪል ላይ ገቡ። ክፍላቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ መስኮቱ የሠራተኞችን ፓርኪንግ ያሳያል። ሠራተኛ የራሱን ዘመድ እንዳይንከባከብ ደንብ ስላለ እኔን ሦስተኛ ፎቅ መደቡኝ። እሳቸውን የሚያነሷቸው ሌሎች ናቸው። ክፉዎች አይደሉም፤ ግን ይቸኩላሉ። ኤሌቬተሩ በር ላይ ቆሞ የሚቆጥርላቸው ስለሌለ ከሁለት ወር በኋላ ዊልቸር ላይ አዋሏቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልተራመዱም። እኔም አንድ ፎቅ ከፍ ብዬ የሌላ ሰው ወንድም ላይ እቸኩላለሁ።

ሺፍቴ ሲያልቅ ወርጄ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ስለዚያ ጉዞ አንስተን አናውቅም። ድምፃቸው በጣም ስለደከመ የሚሉትን ለመስማት መጠጋት አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ፈገግ እያሉ አንድ ነገር ሊነግሩኝ ጀመሩ። አልሰማሁትም። አስደገምኳቸው። እንደገና አስደገምኳቸው። በሦስተኛው፣ "ተይው" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ብርድ ልብሱን ጉልበታቸው ላይ አስተካክዬ፣ ደህና ይደሩ ብያቸው ወጣሁ።