አንድ አምፖል ለሁለት ቤት

እርጥብ ጥጥ ላይ ያረፈ የከሰል ካውያ ሽታ ድንገት ሲያገኘኝ፣ እግሬ ሳያማክረኝ ይቆማል። ዛሬ አዳማ ውስጥ በከሰል የሚተኩስ ልብስ ሰፊ እየጠፋ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አልቆምም፤ ሽታው በመጣ ቁጥር ግን አንድ ግድግዳ፣ በግድግዳው ላይ አንድ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ውስጥም አንድ አምፖል ይዞብኝ ይመጣል።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው እትዬ በላይነሽ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር። ተከራዩ ብዙ፣ ቆጣሪው አንድ፤ መብራት የሚከፈለው ደግሞ በአምፖል ቁጥር። ስለዚህ አባቴና የግድግዳ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ከድር ተማክረው፣ የጋራ ግድግዳችንን ከኮርኒሱ ዝቅ ብለው ሸንቁረው፣ አንድ አምፖል ሰቀሉ፤ ግማሹ ብርሃን ለእኛ፣ ግማሹ ለእነሱ። ማጥፊያው በእኛ በኩል ስለነበር ጋሽ ከድር ሊተኛ ሲል ግድግዳውን ቆርቆር ያደርግ ነበር፤ አባቴም ሥልጣኑ እንዳይረሳ ጥቂት አቆይቶ ያጠፋ ነበር።

በኋላ ስለ ትናንሽ ደሴት አገሮች አነበብኩ፤ ነዳጅ በመርከብ እያስመጡ መብራታቸውን በውድ ስለሚገዙ፣ ሊቃውንትም መጥተው ቁጠባ ስለሚያስተምሯቸው። ለሊቃውንቱ አዘንኩ፤ መብራት በውድ የሚገዛ ሰው ቁጠባን ከማንም በላይ ያውቃልና። የእትዬ በላይነሽ ግቢም፣ መብራት የሚያመነጨው ቆቃ ግድብ አፍንጫችን ሥር ሆኖ፣ ያው ደሴት ነበር፤ እኛን ግን ቁጠባ ያስተማረን ሊቅ አልነበረም፣ ጥርጣሬ እንጂ። ማን አምፖል እያበራ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ የማን ሬዲዮ ባለቤቱ በሌለበት እንደሚያወራ ሁሉም ሁሉንም ይጠብቅ ነበር። አባቴ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖሉን በትንሹ ወደ እኛ ይስበዋል፤ በማግስቱ የጋሽ ከድር ሚስት ዱላ ይዛ ወደ እነሱ ትመልሰዋለች፤ ሁለቱም ስለዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ክረምት ሲገባ መብራት ይጠፋ ነበር። ያኔ ሁሉም ከየቤቱ ብቅ ብሎ በመጀመሪያ የሚያየው የጎረቤቱን መስኮት ነበር፤ ሁሉም ጨለማ ከሆነ «ተመስገን፣ የሁሉም ነው» ይባልና፣ ኩራዝ ተለኩሶ፣ ግቢው እንደ አንድ ቤተሰብ ይሳሳቅ ነበር። እንደዚያ የተዋደድንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጥቅምት ላይ የመብራት ሂሳቡ አበጠ። እትዬ በላይነሽ ከሰው ሁሉ ጋሽ ከድርን ጠረጠሩ፤ ልብስ ሰፊ ነው፣ ይተኩሳል፣ እንግዲህ የኤሌክትሪክ ካውያ ደብቋል። ኅዳር ገብቶ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሲያስነሳ ከድር ሊባረር ነው የሚለው ሐሜትም አብሮ ተነሳ። የጋሽ ከድር ልጅ ዘሃራ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ስንመለስ «ከወጣን የት እንገባለን?» ትለኝ ነበር። ሌባ ተብሎ ከቤት የወጣን ሰው ሌላ አከራይ አይቀበለውም፣ ጨርቁን አምኖ የሚሰጠው ደንበኛም አይኖርም።

እኛ ቤት ግን እውነቱ ይታወቅ ነበር። በዚያች ቀዳዳ የከሰሉ ጭስ ቀን ቀን ወደ እኛ ይገባ ነበርና፣ እናቴ «ሳንባችንን ተኮሰው» እያለች ታማርር ነበር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት እትዬ በላይነሽ ግቢውን ሁሉ ከቆጣሪው ሥር ሰበሰቡ። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ክብ ብረት ትሽከረከር ነበር።

«እዩዋት! እንደ ጋሪ ጎማ! ወሩ ሲያልቅ ከድር ቤቴን ይልቀቅልኝ።»

አባቴን አየሁት። አባቴ ጫማውን አየ። የተናገረችው እናቴ ነበረች። «እትዬ፣ የሚተኩሰው በከሰል ነው። ጭሱን የምንጠጣው እኛ ነን።»

«ከሰሉ ለማታለያ ነው፤ አንቺ ደግሞ አንድ አምፖል የምትጋሪው ጠበቃው ነሽ!»

ጋሽ ከድር ከመስጊድ ሲመለስ ነገሩ ላይ ደረሰ። ድምፁን አላነሳም። «እትዬ በላይነሽ፣ ሁላችንም ያለንን እናጥፋ። ከዚያ ብረቷ ትናገር» አለ።

ሁሉም ገብቶ አጠፋ፤ እትዬም ገብተው ሬዲዮናቸውን አጠፉ። ብረቷ ዝግ አለች እንጂ አልቆመችም።

«ይኸው! ቤቱ ይፈተሽ!» አሉ እትዬ።

ሬዲዮው ሁሉ ዝም ስላለ ግቢው ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ጸጥታ ተዋጠ። በጸጥታው ውስጥ ከእትዬ በላይነሽ መኝታ ቤት የጫጩት ጩኸት ተሰማ። ከተከራዮቹ አንዱ፣ የመቂ ሽንኩርት በመኪና የሚያመላልሰው የደራ ተወላጅ ገመቹ ሮጦ ገባ፤ ከአልጋቸው ሥር ካርቶን ጎትቶ አወጣ። ከደብረ ዘይት የተገዙ ጫጩቶች፣ መሃላቸው ደግሞ ቦግ ያለ ትልቅ አምፖል።

«ያ ዋቅ!» አለ በኦሮምኛ አምላኩን ጠርቶ፤ «እትዬ፣ እነዚህ የየትኛው ክፍል ተከራዮች ናቸው?»

«እሱ እኮ አምፖል አይደለም!» አሉ እትዬ፣ ከልባቸው ተገርመው። «ማሞቂያ ነው። ዶሮ ምን ሊያነብበት?»

አልዋሹም። በግቢያችን ሕግ አምፖል ማለት ሰው የሚቀመጥበት ብርሃን ነበር፤ አጥፉ ሲባሉ ያኛው በሐሳባቸውም አልመጣም። ጋሽ ከድር አልተባረረም፣ ይቅርታ የጠየቀውም ሰው የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጋሽ ከድር ግድግዳውን መቆርቆር ተወ። አባቴ ማጥፊያው አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ አምፖሉ ለሁለት ቤት በከንቱ እየበራ፣ እሱ ያን ሁሉ ቁጠባውን ረስቶ፣ ድምፅ ይጠብቅ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት ጋሽ ከድር ቤተሰቡን ይዞ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ሻሸመኔ ወንድሙ ዘንድ ሄደ። አባቴም ቀዳዳውን በጭቃ ደፈነው፤ አምፖሉን ወደ እኛ አዞረው። የናፈቀውን ያህል ብርሃን አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ወንበር ላይ ሲወጣ አላየሁትም።

ዛሬ የራሴ ቆጣሪ አለኝ፤ በካርድ ይሞላል፣ ሊያልቅ ሲል ይጮሃል። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ይሽከረከራሉ፤ ያ ሐሜታችንን ያስነሳ የነበረው ነፋስ አሁን ሥራ ይዟል። ማንም አይጠብቀኝም፣ ማንንም አልጠብቅም፤ መሻሻል ነው ይሉኛል፣ ምናልባትም ነው። በግድግዳዬ ማዶ ግን ሰው ይኖራል፤ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ አላውቅም። ነገ መጥተው ጎረቤትሽ ሌባ ነው ቢሉኝ እንደ እናቴ ልከራከርለት እችል ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ ምን አሽትቼ እንደምመሰክር ግን አላውቅም።