ጣፋጩ ጉድጓድ ሲዘጋ

ሰርክአዲስ የውሃ ባለሙያ ሆና ወደ ሽንፋ ወንዝ ቆላ ከወረደች ወዲህ ወደ አንዲት መንደር መመላለስ የኑሮዋ አካል ሆኗል። ከመንደሯ በላይ የወርቅ ማውጫ ነበር። አውጪዎቹ አገሩ ሲታመስ ማሽናቸውን ጭነው ሄዱ፤ የቀረው የተቦረቦረ ኮረብታና ክረምት በመጣ ቁጥር የሚሞላ የዝቃጭ ኩሬ ነው። የዚያ ዝቃጭ መርዝ ወደ ጉድጓዶቹ መዝለቅ አለመዝለቁን መከታተል የእሷ ሥራ ነው። ሜትሯን ወደ ጉድጓዱ ትለቃለች፤ ውሃ ሲነካ ይጮሃል፤ ጥልቀቱን ትይዛለች። ናሙና ቀድታ ወደ ጎንደር ትልካለች። መንገድ ሲዘጋ ናሙናው ይበላሻል፤ በዚያ ሐሩር ተመልሳ ትመጣለች።

"አይ ልጄ፣ አንቺና ይህ ፀሐይ መቼም አትላቀቁ!" ይሏታል እማማ ካሰች። ከደጋ ወርደው ሰሊጥና ማሽላ ሲያርሱ ያረጁ፣ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው።

መንደሯ ሁለት የእጅ ፓምፖች አሏት። የላይኛው ውሃ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነው። የታችኛው ጨው ጨው ስለሚል ለከብት ነው የሚቀዳው። ዘንድሮ የምርመራው ውጤት ሲመጣ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ የተገኘው በላይኛው ነበር። ሰርክአዲስ ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። ምናለ በታችኛው ቢሆን ኖሮ!

ፓምፑን ልትዘጋ ስትሄድ ሰው ከበባት። አዛናው የሚባል ገበሬ ከሁሉም ቀድሞ ጮኸ።

"ጣፋጩን ዘግተሽ የከብቱን ልታጠጭን ነው?"

"መርዙ ጣዕም የለውም። ብታፈሉትም አይለቅም።"

"ማን ታመመ? እስኪ አሳይን!"

"ዛሬ አይደለም የሚያሳምመው። ቀስ እያለ ነው።"

"ዝቃጩን ጥለውብን የሄዱትስ?"

"ሪፖርት ተደርጓል" አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ሰለቻት።

"እስኪ ተዋት!" አሉ እማማ ካሰች። "እሷ ናት እንዴ የቆፈረችው?" ወደ እሷም ዞሩ። "አንቺስ ልጄ፣ ከዚህ ስትጠጪ አልነበር?"

"ስጠጣ ነው የኖርሁት፣ እማማ።"

ሰርክአዲስ ብሎኑን መፍታት ጀመረች። ዝጎ ኖሮ አልንቀሳቀስ አላት፤ እጇም ዛለ። አዛናው ትንሽ ሲያያት ቆየና መፍቻውን ከእጇ ነጥቆ እየተራገመ ፈታው። የፓምፑን እጀታ እግሯ ሥር ጥሎ ሳይሰናበታት ሄደ።

ከወራት በኋላ ስትመለስ ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ከታችኛው ጉድጓድ ዳገቱን ይወጣሉ። በተዘጋው ጉድጓድ ሜትሯን ለቀቀች። ውሃው ከፍ ብሏል። ለአለቃዋ ለባየልኝ ደወለች።

"ተመስገን!" አለ ባየልኝ። "ጨመረ ማለት ነዋ!"

"የሚጠጣው ስለሌለ ነው የጨመረው፣ ጋሼ።"

"ግዴለሽም፣ በምትኩ የሚቆፈረው አዲሱ ጉድጓድ በዕቅድ ተይዟል።"

ፓምፑን በዘጋች ጊዜም እንዲሁ ብሏት ነበር። ስልኩን ዘግታ ወደ ታች ወረደች። እማማ ካሰች በጣሳ ቀድተው ሰጧት። አሟጥጣ ጠጣችው፤ ጥሟን ግን አልቆረጠላትም።

"ትለምጂዋለሽ" አሏት። "እኛም ገና አልለመድነውም፤ ግን እንጠጣለን።"

ከንፈሯን ጠርጋ ሞተሯን አስነሳች። ከወንዙ ማዶ ያልተለኩ ጉድጓዶች ገና ይጠብቋታል።