ለእንግዳ የተቀመጠው ማሽን

ሶዶ በአንድ የሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ አስተማሪ ሳለሁ የእንጨት መቁረጫ ማሽን መጣልን። መቁረጫው ወዲያ ወዲህ ሲል ኬብሎቹን ይዞ አብሮ የሚተጣጠፈውን የፕላስቲክ ሰንሰለት የመረጥኩት እኔ ነኝ። ኬብሎቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ ሰፋ ያለውን አስመጥቼ ገጠምኩት። ዲኑ ግን «እንግዳ ሲመጣ እናሳየዋለን፤ እስከዚያ እንዳትነኩት!» ብለው ጨርቅ አለበሱት። ከክልል እንግዶች ሲመጡ ባዶውን አስኬደዋለሁ፤ አጨብጭበው ይሄዳሉ። ተማሪዎቼ አንድ ጣውላ ሳይቆርጡበት ተመርቀው ባጃጅ መንዳት ጀመሩ።

ከዓመታት በኋላ ለሌሎች እንግዶች ሳስነሳው፣ ተጣጥፎ የከረመው ሰንሰለት ደርቆ ኖሮ ተሰነጣጠቀ። ዲኑ ስብርባሪውን እያዩ «እንኳንም አልሠራንበት! ብንሠራበትማ ገና ድሮ ይሰበር ነበር» አሉ። አዲስ ሰንሰለት ተገዛ። ገጥሜ ስጨርስ፣ ማንም ሳያዘኝ ጨርቁን መልሼ አለበስኩት።