ከተኳሿ ላይ የጠፋው ሁለት ሰዓት

በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ እጥበት ክፍል ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ የተኮሰች ሴት ነበረች። ሥራዋ ልብስ መተኮስ ስለሆነ ሁሉም «ተኳሿ» ይላታል። በዕድሜዋ ጠመንጃ ነክታ አታውቅም፤ ድመት እንኳ የምታባርረው «እባክሽ ውጪልኝ» እያለች ነው። አዲስ ዘበኛ በተቀጠረ ቁጥር ግን «ተኳሿን እንዳታስቀይማት» ይሉታል፤ ምስኪኑም ነገሩ እስኪገባው ድረስ ባለፈች ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይልላታል።

የእሷ ድርሻ የቀዶ ጥገና ክፍሉ አረንጓዴ አንሶላዎች ናቸው። እነሱ እንደ ሌላው አይታጠፉም። ሁለቱን ጫፍ ይዘው ሲያነሷቸው የሰው እጅ መሃላቸውን ሳይነካ እንዲዘረጉ ተደርገው ነው የሚታጠፉት። ይህን እጥፋት ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። አንሶላዎቹ ወደሚዘረጉበት ክፍል ግን ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር እስኪገኝ ድረስ አንድም ቀን ገብታ አታውቅም ነበር።

የገባች ዕለት፣ ከላይዋ ጣል ያደረጉላትን አንሶላ በጣቷ ዳበስ አድርጋ «ይቺን እኔ ነኝ ያጠፍኳት» አለች። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም፣ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ፣ አምሳን ያለፈ ሰውዬ ነው፤ ሳቅ አለና «እጅሽ ይባረክ። አሁን ከአሥር ወደ ኋላ ቁጠሪልኝ» አላት።

«አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስም...»

«በቃ አልቋል፣ ዓይንሽን ግለጪ!»

«ኧረ ቆዩ፣ ገና ስምንትን አልጨረስኩም» አለች።

የቀሰቀሰቻት ነርስ ከት ብላ ሳቀች። ተኳሿ ዙሪያዋን ስታይ ክፍሉ ሌላ ነው። ሆዷ በፋሻ ታሽጓል። የግድግዳው ሰዓት ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘሏል።

ፍርሃቱ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ፣ ቤቷ ገብታ ስታገግም ነው። ባሏ ጎሚስታ ነው፤ ጠዋት ወደ ጎማ ጥገናው ወጣ፣ ልጆቻቸው አድገው ራሳቸውን ችለዋል፣ ቤቱ ጭር አለ። ትራሷን ተደግፋ ሻይዋን እያማሰለች ሳለ አንድ ሐሳብ ያለ ምንም ምክንያት መጣባት፦ በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች የት ነበርኩ? ማንኪያው እጇ ላይ ቆመ።

ባሏ ለምሳ ሲመጣ ጠየቀችው።

«ተኝተሽ ነበራ!» አላት፣ የእጁን ጥቁር ቅባት በሳሙና እየፈተገ።

«እንቅልፍማ አውቃለሁ። ከእንቅልፍ ስትነሳ መተኛትህ ይታወቅሃል። አንገትህን ይይዝሃል፣ አፍህ ይደርቃል፣ ጊዜ እንዳለፈ ሰውነትህ ያውቃል። ይሄ ግን እንደሱ አይደለም። መሃሉን ቆርጠው አውጥተው ሁለቱን ጫፍ የሰፉት ጨርቅ ነው። ስምንትና ‹አልቋል› ተጣብቀዋል። በመሃል ምንም የለም፤ ጨለማ እንኳ የለም።»

«ታዲያ ምን ይሁን? ዳንሽ አይደል?»

«ማን ነው የዳነው?»

ጎሚስታው ሳሙናውን አስቀምጦ ዞር ብሎ አያት። «አንቺ ሴትዮ፣ በባዶ ሆዴ አትፈላሰፊብኝ» አለና ወደ ምሳው ሄደ። ነገር ግን ሲበላ በየመሃሉ ቀና እያለ ያያት ነበር።

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ከባድ ሆነባት። ዓይኗን ከመግለጧ በፊት ራሷን ትመረምራለች። የእናቴ ድምፅ እንዲህ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄ የተወለደው ዝናብ ሲጥል ነው፤ የመተኮሻ ማሽኑ ግራ እግር ይወዛወዛል። ሁሉም ይመጣላታል። ልቧ ተረጋጋ ስትል ሌላው ሐሳብ ከኋላ ይደርስባታል፦ እኔ ያልሆነች ሴትም ይህ ሁሉ ትዝታ ቢሰጣት ይህንኑ ነበር የምትለው። ያኔ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተኮራምታ የገዛ እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ ታየዋለች።

ሥራ በገባች በሁለተኛው ቀን ማደንዘዣ ሰጪውን ፈልጋ አገኘችው። ከቀዶ ጥገና ክፍሉ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሙዝ ይልጣል።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ቀን የት ነው የላኩኝ?»

ሰውዬው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ።

«ስንት መጠን እንደሚበቃ፣ መቼ እንደሚነቁ፣ ልባቸው ሲደክም ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። የምትጠይቂኝን ግን... ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም።»

«ታዲያ ካላወቁ ሰው እንዴት ይልካሉ?»

«ይመለሳሉ እኮ።»

«የሚመለሰው የሄደው መሆኑን በምን ያውቃሉ?»

ሙዙን ሳይበላ በልጣጩ መልሶ ሸፈነው። «እህቴ፣ እባክሽ ተዪኝ። ነገ ስድስት ሰው አለብኝ፤ እጄ መንቀጥቀጥ የለበትም» ብሏት ተነስቶ ገባ።

ተኳሿ ደረጃው ላይ ብቻዋን ቀረች። እስከዚያ ድረስ ከሰው ሁሉ አንድ የሚያውቅ አይጠፋም ብላ ነበር። ያ ሰው እሱ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው? ግድግዳውን ይዛ ወረደች።

በሳምንቱ ወደ ታላቅ እህቷ ቤት ሄደች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃት እሷ ናት፤ እሷ «አዎ፣ አንቺው ነሽ» ካለቻት ይበቃታል። እህቷ በር ላይ ተቀምጣ ቀሚስ ትጠግን ነበር።

«እትዬ፣ ስድስት ዓመቴ ላይ የፈላ ውሃ እግሬ ላይ ሲደፋ ታስታውሻለሽ?»

«የማን እግር ላይ?» አለች እህቷ፣ መርፌዋን ሰክታ።

«የኔ ነዋ! ግራ እግሬ። ቆዳው ሲነሳ፣ እናታችን በእርጥብ ፎጣ ስትጠቀልለኝ። ያቃጠለኝን ቃጠሎ አሁን ድረስ አስታውሳለሁ!»

እህቷ ካልሲዋን ወደ ታች ጠቀለለችው። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ የተሸበሸበ፣ የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለ።

«የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ከኔ በላይ ትጮሂ ነበር። ሰው ሁሉ አንቺን አባብሎ እኔን ረሳኝ» አለችና ሳቀች። «ሕመሜንም ሰረቅሽኝ ማለት ነው?»

ተኳሿ ካልሲዋን አውልቃ ግራ እግሯን አየች። ንጹሕ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ስታጥበው አንድም ቀን ጠባሳ ፈልጋበት አታውቅም። ያኔ የመጣባት ፍርሃት የመጀመሪያውን አስናቀው። ይሄማ በቀዶ ጥገናው የመጣ አይደለም። ከዚያ በፊትም ‹እኔ› የምለው ነገር የተያያዘው በእንዲህ ዓይነት ክር ነበር ማለት ነው! እህቷ ፊቷ ሲገረጣ አይታ ሳቋን አቆመችና ውሃ አመጣችላት።

በእነዚያ ሰሞን ነው አንሶላዎቹ የተቃጠሉት። ማሽኑን አንሶላ በውስጡ እንዳለ አቁማ፣ ሐሳብ ይዟት ቆማ ቀረች፤ አጠገቧ ያሉት ሽታው ሲመጣባቸው ጮኹ። አሥራ አንድ አንሶላ ከሰለ። የክፍሉ አለቃ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት፣ በአንዱ አንሶላ ቀዳዳ አሾልቃ አየቻትና «ፈላስፋ ሆንሽብን እንዴ? እዚህ ቤት የሚፈለገው ቀጥ ያለ አንሶላ ነው፤ ሌላውን ቤትሽ ፈልጊው!» ብላ አምባረቀችባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግማሹ ተኳሿ፣ ግማሹ ፈላስፋዋ ይላት ጀመር። ሁለቱም ስድብ ይሁን ቁልምጫ አልታወቀም።

ባሏ ግን መሳቅ ትቷል። እሱም ለካ የራሱ ጉድ ነበረው። የጭነት መኪና ጎማ ሲያነሳ ቡአ ወርዶበት፣ አፍሮ፣ ሁለት ዓመት ደብቋታል። አንድ ማለዳ ሱሪውን መታጠቅ አቅቶት አልጋው ጠርዝ ላይ አላበው። ሆስፒታል ሲደርሱ አንጀቱ ታንቋል፣ አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ካልተደረገለት ያልቅለታል አሉ።

ኮሪደሩ ላይ፣ ጎማ በተገጠመለት አልጋ ላይ አስተኝተውት፣ እጇን ጨመቀው። የዚያ ሰው እጅ የመኪና ብሎን የሚፈታ እጅ ነው፤ ያን ቀን ግን የእሷን ጣቶች እንደ ሕፃን ይዞ አልለቅም አለ።

«ያስፈራሽኝ አንቺ ነሽ» አላት። «ያ ወሬሽ ባይኖር ዝም ብዬ እገባ ነበር። አሁን ንገሪኛ! የምነቃው እኔ ካልሆንኩስ?»

«አይዞህ፣ አንተው ነህ» ማለት ቀላል ነው፤ ነርሷም፣ እህቷም፣ ማንም ይለዋል። ተኳሿ ግን እንደማታውቅ ታውቃለች። ለሠላሳ ዓመት ባሏ፣ በዚህ ሰዓት፣ ውሸት ልትነግረው አልቻለችም።

«አላውቅም» አለችው። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ግን የነቃው ማንም ይሁን ማን፣ ይዤው ቤት እገባለሁ። ሾርባ እሰጠዋለሁ። ከተነጫነጨም እታገሠዋለሁ፤ አንተንስ ታግሼህ የለ?»

ጎሚስታው ሳቅም ለቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። እንዲህ እንዳሉ ማደንዘዣ ሰጪው መጣ። ሁለቱ ተያዩ። ሐኪሙ እጆቹን ዘርግቶ አሳያት፤ አይንቀጠቀጡም። ከዚያ አልጋውን እየገፋ ገባ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ጠበቀች። የባሏን ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በሩን እያየች። እሱ ዘንድ አሁን ምንም የለም ብላ አሰበች። ለእሱ ይህ ኮሪደር፣ ይህ አግዳሚ፣ ይህ ሰዓት ፈጽሞ የለም፤ እኔ ዘንድ ግን እያንዳንዱ ደቂቃ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እኔም በተኛሁ ጊዜ እሱ እንዲህ ተቀምጦ ደቂቃዬን ቆጥሮልኛል። ይህ ጥቂት አረጋጋት፤ አንድ አፍታ ብቻ። ወዲያው ከዚያው ሐሳብ ሆድ ሌላ ወጣ፦ ኮሪደሩ ላይ ማንም የማይጠብቀውስ ሰው? የእሱን ሁለት ሰዓት ማን ይዞለታል? ጫማውን አጥብቃ ያዘች። ፈራች፤ ግን ይህን ጊዜ ከሐሳቡ አልሸሸችም። ልክ የተጨማደደ አንሶላ ላይ እንደምታደርገው አንዱን ጫፍ ይዛ እየጎተተች ወዴት እንደሚሄድ ተከተለችው። በሩ ሲከፈት ገና ሐሳቡ መሃል ላይ ነበረች፤ ተቋረጠባትና ተናደደች፣ መናደዷም ራሷን አስደነገጣት።

ባሏ ዓይኑን ገልጦ ረጅም ጊዜ አያት። እንደማያውቃት ነው የሚያያት።

«ጫማዬን ማን ወሰደው?» አለ በመጨረሻ።

ነርሶቹ ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች። ውስጧ ግን፣ የእሱ ትዝታ የተሰጠው ሌላ ሰውም ጫማውን ይጠይቅ ነበር አለች። ያም ሆኖ በአምስተኛው ቀን ደግፋው ቤት ገባች፤ ሾርባውን ሰጠችው፤ ጨው አነሰው ብሎ ተነጫነጨ።

ከዚህ በኋላ ስድስት ዓመት አልፏል። ማደንዘዣ ሰጪው አሁን በምሳ ሰዓት እጥበት ክፍል ይወርዳል። መጀመሪያ የመጣው ተሸማቆ ነበር፤ «ያንቺ ጥያቄ አላስቀምጥ አለኝ» ብሎ። የመጀመሪያዎቹ ገጾቹ የተገነጠሉ፣ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ አሮጌ መጽሐፍም አመጣላት። ተኳሿ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ አንዱን ገጽ በሳምንት አነበበችው። መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ እሷ የፈራችውን ያንኑ ነገር እንደፈራ ስታይ ገጹን ደግማ አነበበችው፤ ቀጥሎም ተቆጣች። «ይህን የሚያውቅ ሰው ኖሮ ለካ! ለኛ ማን ነገረን?» አለች።

ወሬው ተሰምቶ ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ ሰዎች ወደ ምድር ቤት ብቅ ይሉ ጀመር። አንዳንዱ ቀለል ብሎት ወጣ። አንዱ ነጋዴ ግን ካነጋገራት በኋላ ልብሱን ለብሶ በጓሮ በር ጠፋ። አለቃዋ በወረቀት ጽፋ፣ ማኅተም አስመትታ፣ «ልብስ ተኳሽ ከቀዶ ጥገና በፊት ታካሚ እንዳታነጋግር» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈች። ከቀዶ ጥገና በኋላ ስለማነጋገር ግን ምንም አላለም፤ ተኳሿም ይህን ልብ ብላለች።

ባለፈው ሰሞን መጽሐፉን ጨረሰችና ለማደንዘዣ ሰጪው መለሰችለት።

«እንዴት አገኘሽው?»

«ሲጠይቅ ጎበዝ ነው። መጨረሻው ላይ ግን ቸኩሏል። ሦስት ገጽ ሲቀረው ሁሉንም አስተካክሎ ዘጋው። ፈርቶ ነው» አለች። «ሰው ሲፈራ እንዴት እንደሚቸኩል አውቃለሁ።»

«አንቺስ? አሁንም ትፈሪያለሽ?»

«እንዴታ! ዛሬ ጠዋት እንኳ እግሬን አልጋ ላይ ሳየው የኔ መሆኑን እስካምን ቆየሁ።» በእንፋሎቱ መሃል አንድ አረንጓዴ አንሶላ ሳበች። «በሉ ይቺን ጫፍ ይያዙልኝ። ያ ሰውዬ ሰባኛው ገጽ ላይ ያለውን እንደገና ልንገርዎት፤ እኔ የማልስማማው እዚያ ላይ ነው።»

ማደንዘዣ ሰጪው መነጽሩን እንፋሎት እንደሸፈነው ጫፉን ያዘላት።