የሊሳንድሮ ቤዝ

«የደቡብ ነፋስ» የወደብ ከተማዋ የፖንሴ ልጆች ኦርኬስትራ ነበር። ዶን ፎርቱናቶ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ይመራል፣ ትሮምቦኖቹ ያገሳሉ፣ ከበሮዎቹ ይነጋገራሉ። ያሳተሙት ሸክላ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ ግን በቃ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ያለዚያ ሸክላ የተደገሰ ሠርግ የለም። ዘፋኙ ሲጣራ ድግሱ በሙሉ ይቀበላል፤ ከሥር ሆኖ፣ ማንም ልብ ሳይለው፣ የሁሉንም ወገብ የሚያንቀሳቅሰው ያ ወፍራም ድምፅ ደግሞ የቴዮ ማይሶኔት ቤዝ ነው።

ሸክላው በወጣ በዓመቱ ኦርኬስትራው ተራራ ላይ ወዳለችው ወደ ኡቱአዶ ለቅዱስ ሚካኤል ንግሥ ተጠራ። በዋዜማው የቴዮ ጥርስ አመረቀዘ። ፊቱ እንደ ዱባ አብጦ፣ አፉን መክፈት ተስኖት ተኛ። ዶን ፎርቱናቶ መጥቶ አየውና ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣

«እንግዲህ ምን ይሻላል?» አለ።

«ሊሳንድሮ አለልህ» አለ ቴዮ ጥርሱን እንደነከሰ። «ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።»

ሊሳንድሮ ከፊት ለፊት የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ የዶኛ ኦብዱሊያ አንድ ልጅ ነበር። ገና ጢሙ ማቀምቀሙ ነው። ቤዝ ያስተማረው ቴዮ ራሱ ነው። ልጁ ወሬውን ሲሰማ ደስታው አላስቆም አላስቀምጥ አለው፤ የሚለማመድበትን አሮጌ ቤዝ አሰናዳ፤ የመምህሩን ነጭ ኮት ተዋሰ፤ እጅጌው ቢረዝምበት እናቱ ቁጭ ብላ አሳጠረችለት።

ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ተንሸራቶ ወንዝ ገባ። አንድም ሰው አልተረፈም።

ቴዮ ፊቱን በሻሽ እንደጠቀለለ ቀብር ቆመ። ዶኛ ኦብዱሊያ አላለቀሰችም። አጠገቡ ስትደርስ ቀና ብላ አየችውና፣

«ላንተ ጥርስ የኔ ልጅ ይሙት?» አለችው።

ከዚያ በኋላ አፏን ከፍታ አላናገረችውም። ወደቡ አጠገብ ባለው በዚያ ጠባብ መንገድ ፊት ለፊት እየኖሩ፣ በር ሲከፍት በር እየዘጋች፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለፈ።

ቴዮ ሌላ ኦርኬስትራ አልገባም። የጠሩት ነበሩ፤ ከሳን ሁዋን ድረስ መጥተው የለመኑትም ነበሩ። እሱ ግን ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽግ ፋብሪካ ገብቶ፣ ጡረታ እስኪወጣ የዓሣ ሽታ ተሸክሞ ኖረ። ሚስቱ፣ «ግድግዳ እንኳ ሲያንኳኩት ይመልሳል» ብላ ማያጌዝ ከተማ ወደምትኖረው እህቷ ሄደች። አልተከተላትም። ቤዙን ግን መሸጥ አልሆነለትም። ከሰው ቁመት የሚበልጠውን መሣሪያ በአንሶላ ሸፍኖ ጥግ አቆመው። አንዳንድ ከሰዓት መስኮቶቹን ሁሉ ዘግቶ፣ ድምፁ መንገዱን እንዳይሻገር ክሮቹን በመዳፉ እያፈነ ይነካካዋል።

የቺንቶ ሱቅ ደጃፍ ዶሚኖ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ሲያልፍ ያዩታል።

«ቴዮ! ና እንጂ፣ ዛሬ እንኳ ተሸነፍ!» ይለዋል ቺንቶ።

«ሥራ አለብኝ።»

«የጡረተኛ ሥራ ደግሞ ምንድን ነው? ወንበር መጠበቅ?»

ይስቃሉ። አንድ ቀን ከመሃላቸው አንዱ፣ «ተዉት፣ እሱ ከሙታኑ ጋር ነው የሚጫወተው» አለ። ለክፋት አልነበረም። ሳቁ ግን እዚያው ቀረ፤ ቴዮም እንዳልሰማ ሆኖ አለፈ።

ከዚያ በአንድ የነሐሴ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ዶኛ ኦብዱሊያ በትሯን ተደግፋ ቆማለች። ከቅርብ ሲያያት ምን ያህል እንዳረጀች ገባው።

«ልግባ ወይስ እዚሁ ፀሐይ ላይ ታናግረኛለህ?»

«ይግቡ፣ ዶኛ ኦብዱሊያ።»

ገብታ ተቀመጠች። ዙሪያውን ቃኘች።

«ቤትህ ሰው የሌለበት ቤት ይመስላል።»

«ነው እንጂ።»

በትሯን ጉልበቷ ላይ አጋደመች። «ዓይኔ እየከዳኝ ነው» አለች በኋላ። «የልጄን ፎቶ አቅርቤ ባየው፣ አርቄ ባየው፣ ጉም ነው። ድምፅ ደግሞ አልተወልኝም። የዘፋኙ ሚስት ባሏ ሲናፍቃት ሸክላ ትከፍታለች። አንተም አለህ፣ ፎርቱናቶም አለ፣ ሁላችሁም አላችሁበት። የኔው የት ነው ያለው?»

ቴዮ ዓይኑን በአንሶላ ወደተሸፈነው መሣሪያ አዞረ።

«አንተ ነህ ያስተማርከው። እንዴት ነበር የሚጫወተው? አሳየኝ።»

«እኔ እኮ እሱ አይደለሁም፣ እናቴ።»

«ያንተንማ በየሠርጉ ጠግቤዋለሁ! የሱን ነው ያልኩህ።»

አንሶላውን ገፎ ቤዙን አቀፈ። የሸክላውን የመጀመሪያ ዘፈን ጀመረ። የሱ የራሱ አጨዋወት የታወቀ ነው፤ ረጋ ብሎ፣ ከበሮውን ጠብቆ፣ ቦታውን ሳይለቅ ነው። ሊሳንድሮ ግን ትንሽ ይቀድም ነበር። ዜማው ሁለት ሦስቴ እንደዞረም፣ ማንም ያልጠራትን አንዲት ቀጭን ድምፅ በመሃል ጣል ያደርጋል። ቴዮ፣ «ይህቺን ቅብጥብጥ ጣትህን ተው!» እያለ ሲቆጣው ልጁ ይስቃል። አሁን ያቺን ጣት ፍለጋ ገባ። እጁ እየደጋገመ ወደ ራሱ ልማድ ተመለሰበት። ተወው፣ እንደገና ጀመረው። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ሲል፣ ልጁ መጣ፤ ተጣደፈ፣ ያቺን ቀጭን ድምፅም ጣል አደረጋት።

ዶኛ ኦብዱሊያ በትሯን ጨበጥ አደረገች።

«ይቸኩላል።»

«አዎ፣ ይቸኩል ነበር።»

«ሲበላም እንዲሁ ነው። ሩዙ ሳይበርድለት፣ ምላሱን እየለበለበው። ድገመው።»

ደገመው። ሲጨርስ፣ አንገቷን እንደደፋች፣

«ለምን እሱን ላክኸው?» አለች።

ቴዮ ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቶ ነበር የኖረው፤ «ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው» ሊል። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጎበዝ ስለነበረ ነው። ከኔ ይበልጥ ነበር። ፎርቱናቶ አንዴ እንዲሰማው ፈለግሁ።»

«ሰማው?»

«እንዴታ! ኡቱአዶ የነበሩ ሰዎች ነግረውኛል። ሕዝቡ አንዱን ዘፈን ድገሙ፣ ድገሙ እያለ ከመድረክ አላስወርድ ብሏቸው ነበር። ያ ቀጭኑ ልጅ ማነው እያሉ ይጠይቁ ነበር አሉ።»

«ይህንን ይዘህ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልከው?»

«መቼ አናገሩኝ?»

ከንፈሯ ለሳቅ ያህል ተነቃነቀና ተመለሰ። በትሯን ተመርኩዛ ተነሣች።

«ይቅር አላልኩህም።»

«አውቃለሁ።»

«ሐሙስ እመጣለሁ።»

መጣችም። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ፣ የተጠበሰ ሙዝ በሳህን ሸፍና፣ መንገዱን በዝግታ እየተሻገረች መጣች። ብዙ አያወሩም። እሱ ይጫወታል፣ እሷ ታዳምጣለች፣ ሙዙን ይበላሉ፣ ትሄዳለች። አንዳንዴ «ዛሬ ያንተ ገባበት» ትለዋለች፤ ልክ ናት፣ እንደገና ይጀምራል።

በተከታዩ ዓመት፣ በሰሙነ ሕማማት፣ በእንቅልፏ አረፈች። ከሳን ሁዋን የመጣች የእህቷ ልጅ ቀበረቻት። ቀብሩ ላይ ቴዮን አይታ፣ «ለመሆኑ እርስዎ የአክስቴ ምን ነዎት?» ብትለው፣ «ጎረቤት» አላት፤ ከዚያ የበለጠ የሚለው አላገኘም።

ለሳምንታት ቤዙን አልነካውም። በኋላ ሲያነሣው በራሱ አጨዋወት ሊጫወት ነበር ያሰበው። እጁ እምቢ አለ። ሊረጋ ሲል ይጣደፋል፤ ያቺ ቅብጥብጥ ጣት ሳይጠራት ትመጣለች። ሸክላ ላይ የሚሰማው ያ የረጋ ሰው የት እንደገባ አጣው። ጥቂት ታገለና ተወው።

የሚፈራው ስለሌለ መስኮቶቹን መክፈት ጀመረ። የኦብዱሊያን ቤት የተከራዩት አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። አንድ ከሰዓት ሚስትየው ልብስ እያሰጣች ቆይታ፣ እሱ ደጅ ሲወጣ ጠብቃ ሰላም አለችው።

«አባባ፣ ልጅዎ ሲጫወት እንዴት ደስ ይላል! ትንሽ ይቸኩላል እንጂ። ሙዚቃ እየተማረ ነው?»

ቴዮ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ልጅ የለኝም» አለ። «ብቻዬን ነው የምኖረው።»